ተስሞ ያለቀ ፊት

እናቴ በታመመችበት ዓመት ቤታችን ውስጥ ሁለት ሕመምተኞች ነበሩ፤ አንዷ እናቴ፣ ሁለተኛው አቡዬ። እናቴ ጓዳ ውስጥ በትራስ ላይ ትራስ ተደርቦላት፣ ተቀምጣ ነበር የምትተኛው፤ ጋደም ካለች ትንፋሽ ያጥራታል። አቡዬ ደግሞ ሳሎን፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ፣ ከትንሿ ቀይ መጋረጃቸው ጀርባ ናቸው። እሳቸውን ምን እንዳመማቸው የነገረኝ ሰው የለም። ግን ሐኪም መጣላቸው፤ ሐኪም የሚመጣው ደግሞ ለታመመ ነው። በሰባት ዓመቴ ይህን ያህል ማሰብ አያቅተኝም ነበር።

የእናቴን ሕመም ግን አውቀዋለሁ፤ የልቧ ክዳን አልገጥም ብሎ ነው። አባቴ ለጎረቤት ሲያስረዳ ሰምቼዋለሁ። የእኛ የስኳር ጣሳም ክዳኑ ጠሞ ጉንዳን ይገባበት ስለነበር ነገሩ ብዙም አላስጨነቀኝም። የምንኖረው ወሎ ሰፈር፣ ከጋራዦቹ ጀርባ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ የተጨማደደ መኪና ቀጥቅጠው ሲያቃኑ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። የመኪና በር የሚቃና ከሆነ የእናቴ ልብ የማይቃናበት ምክንያት አልታየኝም።

አቡዬ የተሣሉት ወረቀት ላይ አይደለም፤ ወፍራም ጣውላ ላይ ነው። ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ ቀይ ልብስ ለብሰው መጽሐፍ ላይ አጎንብሰዋል፤ እግራቸው ሥር አንበሳ ተኝቷል። አንድ የሚገርም ነገር ነበራቸው። አንገታቸው ወደ መጽሐፉ ዞሮ ሳለ ፊታቸው ግን ቀጥ ብሎ እኛን ያያል፤ ዓይናቸውም እንደ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሁሉ ትልልቅ ነው። ይህ እንዴት እንደሆነ እናቴን ስጠይቃት «ስንጠራቸው ጊዜ ዞር ብለው ነዋ» አለችኝ። ለእኔ በቂ መልስ ነበር።

ሥዕሉ የመጣው በእናቴ አባት በኩል ነው። አያቴ አናጢ ነበሩ። ጣሊያን ከአገር ሲወጣ ቤቱን ይሠሩለት የነበረ አንድ መኮንን ጣውላውን ትቶላቸው ሄደ። አያቴ ጢሙን አዩ፣ አንበሳውን አዩ፣ «አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ!» ብለው ሳሙት። ሌላ ምን ሊሉ ይችላሉ? በእኛ አገር ጢማም ሽማግሌና አንበሳ አንድ ላይ ከታዩ ጉዳዩ ያለቀ ነው። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ያለ ሰው ሁሉ ጠዋት ሲነሣ ፊታቸውን ይስማል። ወር በገባ በአምስት ማኅበርተኞቹ ይመጡና ተራ ይዘው ይስማሉ፤ ጭንቅ ያለባት ግንባሯን ግንባራቸው ላይ አስደግፋ ታለቅሳለች፤ ቅባት የያዘችም ትቀባቸዋለች። ለፋሲካ ደግሞ ጥላሸቱና ቅባቱ እንዲለቅ አያቴ በሎሚ ያሹት ነበር ይባላል። እኔን እናቴ ብብቴን ይዛ ከፍ ታደርገኝና ጢማቸውን እስማለሁ። ከታመመች በኋላ ማንሣት ስላቃታት ወንበር ላይ መቆም ጀመርኩ።

ሐኪሙ ጸጋአብ ይባላል። ጣሊያን አገር ሄዶ የድሮ ሥዕል ማደስ የተማረ፣ ቀጭን፣ ሲናገር ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። ጴንጤ ስለነበር መጋረጃውን ገልጦ አልሳመም፤ ነገር ግን እጁን በሳሙና ታጥቦ፣ አድርቆ ነው የነካቸው። ያኔ ሐኪም መሆኑን ይበልጥ አመንኩ። አባቴ ለእናቴ ሲነግራት «ጣውላውን ብል እየበላው ነው፤ እሱን የሚያክም ሰው አምጥቻለሁ» አላት።

ዛሬ ነገሩን ሁሉ አውቀዋለሁ። ሐኪሞቹ እናቴን እዚህ አገር ልንረዳት አንችልም፣ ውጭ ሄዳ ልቧ መከፈት አለበት ብለው ነበር። አባቴ የአንድ መሥሪያ ቤት ተራ ሠራተኛ ነው፤ ያላንኳኳው በር አልነበረም። በመጨረሻ የሥዕሉን ፎቶ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ለሚኖር አንድ ፈረንጅ፣ የጥንት ሥዕል ለሚሰበስብ ሰው አሳየ። ፈረንጁ ፎቶውን ሲያይ ከመቀመጫው ተነሣ። እጁና አንበሳው የአንድ ታላቅ የቬኒስ ሠዓሊ ቤት ሥራ ይመስላል አለ፤ አምስት መቶ ዓመት ያለፈው። ግን በዚያ ዘመን ልብሱን፣ አንበሳውንና ዛፉን የሚሥሉት ደቀ መዛሙርቱ ናቸው፤ ፊቱን የሚሠራው ጌታው፣ ዋናው ሠዓሊ ራሱ ነው። ይኼ ዓይነ ትልቁ ፊት ደግሞ በኋላ በሐበሻ እጅ የተደረበ ነው። ከሥሩ ጌታው የሠራው ፊት ካለ እገዛዋለሁ፤ ከሌለ ግን የደቀ መዝሙር ሥራ ነው፣ አይሆነኝም አለ። ፊቱ ከተገኘ እናቴ ትታከማለች፤ ካልተገኘ ትሞታለች። አባቴ ይህን ከእናቴ ደበቀ። ተስፋ አድርጋ ቢቀርባትስ ብሎ ፈራ። ስለ እኔ ግን አላሰበም።

ጸጋአብ በመጣበት ቀን እናቴ ወደ አልጋዋ ጠራችኝ። «እንቁዬ፣ ሂጂና ምን እንደሚሠሩ አይተሽ ንገሪኝ። የሰማሽውን ሁሉ፣ አንዲት ሳትቀንሺ» አለችኝ። ከታመመች ወዲህ ሰው ሁሉ አጠገቧ በሹክሹክታ ነበር የሚያወራው፤ እሷ ሹክሹክታ ሰልችቷት ነበር። እኔ ደግሞ ወሬ አመላላሽ ሆኜ መሾሜ አኮራኝ። ሶፋው ጥግ ከአሻንጉሊቴ ጋር ተቀመጥኩ። ማንም ልብ አላለኝም።

ጸጋአብ መጋረጃዎቹን ሁሉ ዘጋግቶ ሰማያዊ መብራት አበራ። ቤቱ ጨለመ። የአቡዬ እጅና አንበሳው ደብዘዝ ብለው አበሩ፤ ፊታቸው ግን ከሰል መሰለ።

«አዩት ጋሽ አክሊሉ?» አለው ለአባቴ። «የጠቆረው በሙሉ አዲስ ቀለም ነው።»

«ከሥሩስ?»

«ሳይከፈት አይታወቅም።»

«ካለ ግን… ሰውየው ወዲያው ነው የሚጨርሰው። የህንድ ሐኪሞቹም ተቀብለዋታል፤ እኔን ነው የሚጠብቁት» አለ አባቴ።

ሁሉንም ተሸክሜ ጓዳ ገባሁ። ሰማያዊውን መብራት ነገርኳት፤ አቡዬ ሲጠቁሩ ነገርኳት፤ ፊታቸው ከተገኘ የሚጨርስ ሰውዬ እንዳለ፣ የህንድ ሐኪሞችም አባዬን እንደሚጠብቁት ነገርኳት። እኔ የገባኝ አቡዬ ታክመው ዓይናቸው ሲበራ እናቴን አይተው እንደሚያድኗት ነው። እናቴ ግን ቀና ብላ ተቀመጠች።

«ህንድ ነው ያለው?»

«አዎ።»

«ተቀብለዋታል አለ? እስቲ ድገሚልኝ።»

ደገምኩላት። ሦስተኛ ጊዜ ስትጠይቀኝ ሰለቸኝና ልውጣ ብዬ አለቀስኩ። ያን ቀን ማታ የቀረበላትን አጥሚት ጨልጣ ጠጣች። አባቴ ባዶውን ኩባያ አንሥቶ እያገላበጠ አየው። «ዛሬስ በረታሽ፣ የሻሽዬ» አላት። እሷም «ምን ላድርግ፣ ራበኝ» አለችው።

በማግስቱ አባቴ ሥራ ሲሄድ ከቁም ሣጥኑ ውስጥ ሰማያዊ ጉርድ ቀሚሷን እንዳወጣላት አደረገች። ወገቡ ሰፍቷት ስለነበር መርፌና ክር አስመጥታ እያረፈች፣ እየተነፈሰች አጠበበችው። «እንቁዬ፣ ህንድ ይበርዳል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ህንድን የማውቀው በፊልም ነው፤ ሁልጊዜ ስለሚጨፍሩ ሊበርዳቸው አይችልም አልኳት። ከልቧ ሳቀች። በዚያ ዓመት ሁሉ እናቴን ስትስቅ የማስታውሳት በእነዚያ ቀናት ብቻ ነው። ልቧ እየደከመ ነበር፤ ፊቷ ግን እንደ ሙሽራ በራ። አባቴ ይህን ደስታዋን አይቶ ከምን እንደመጣ ሳያውቅ ነው ያለፈው።

አንድ ቀን ግን እያለቀስኩ ገባሁባት። ጸጋአብ አንበሳውን በጥጥ እያጸዳ ለአባቴ ሲነግረው ሰምቼ ነው። «ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሽ አክሊሉ፣ እኚህ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ አይደሉም» ብሎት ነበር። «ሄሮኒሞስ የሚባሉ አባት ናቸው። መጽሐፍ ቅዱስን ለሮማውያን የተረጎሙ። አንበሳውም እግሩን እሾህ ወግቶት እሳቸው የነቀሉለት ነው።»

«እማዬ፣ አቡዬ አይደሉም አለ!» አልኳት። «ሌላ ሰውዬ ናቸው! የፈረንጅ!» የፈራሁት ግልጽ ነው፤ ስንለምን የኖርነው ሌላ ሰው ከሆነ የእሷን መዳን ለማን ነግረነዋል?

እናቴ ሳቋን ለመያዝ ደረቷን በእጇ ደገፈች። «ምን ያስለቅስሻል? ይኼን ሁሉ ዓመት አቡዬ ስንላቸው አቤት ብለውናል። አይደለሁም ሳይሉ አቤት ያሉንን ሰውዬ እኛ ምን ብለን እንክዳቸው?» አለች። ዓይኔን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝ። «ይልቅ ፊታቸውን መቼ ነው የሚከፍቱት? እሱን ሰምተሽ ነይ።»

ቅዳሜ ጠዋት ተከፈተ። እናቴ ፀጉሯን አስተካክላ፣ ጉርዷን እግሯ ላይ ዘርግታ ላከችኝ። «ዓይንሽን እንዳትነቅዪ» አለችኝ። ውጭ ጋራዡ ውስጥ ይቀጠቀጣል፤ አውሮፕላን ቦሌ ሊያርፍ በላያችን ዝቅ ብሎ ያልፋል። ጸጋአብ አቡዬን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቷቸዋል። በቀጭን እንጨት ጫፍ ላይ ጥጥ ይጠቀልልና ከጠርሙስ እየነከረ ግንባራቸውን በቀስታ ያዞርበታል። ሽታው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ነው። ጥጡ ቡናማ ይሆናል፣ ይጥለዋል፣ ሌላ ይጠቀልላል። አባቴ ከጎኑ ቆሞ የራሱን ጣቶች ይቆጥራል መሰለኝ፤ አሁን ሳስበው ይጸልይ ነበር።

ግንባራቸው ጠፋ። ከዚያ አንዱ ዓይናቸው ጠፋ። ከሥሩ የወጣው ቢጫማ፣ የለሰለሰ ጣውላ ነው። ጸጋአብ ትንሽ ቆም ብሎ ወደ ሌላው ዓይን ሄደ። እሱም ሥር ጣውላ ነው። አፍንጫቸው፣ አፋቸው፣ ጉንጫቸው፣ ሁሉም እየተነሣ ሄደ። ከፀጉራቸው ጠርዝ ሥር ግን አንዲት ጆሮ ብቅ አለች። ትንሽ፣ ቀላ ያለች፣ ወደ ጎን የዞረች ጆሮ ናት፤ የምትነቃነቅ እስክትመስል ድረስ ሕይወት አላት።

ጸጋአብ እንጨቱን አስቀመጠ። «ጋሽ አክሊሉ…»

«ቀጥል።»

«የሚቀጥል የለም።»

«ቀጥል እልሃለሁ እኮ!»

ጸጋአብ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ፊት ነበረ። ይቺ ጆሮ ከፊቱ ጋር አብራ የተሠራች ናት። ግን ሰው የሚስመው ፊቱን ነው። አፍ፣ ግንባር፣ ቅባት፣ ሎሚ… ቀለሙ ሳስቶ ሳስቶ እንጨቱ ሲወጣ ጊዜ ነው አማትዎ በሠዓሊ ሌላ ፊት ያስደረቡበት። ተስሞ አልቋል።»

«በጆሮው አይታወቅም?»

«እኔ አውቄዋለሁ» አለ ጸጋአብ፤ ድምፁ ጨርሶ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። «የጌታው እጅ ነው። ግን በአንዲት ጆሮ ማንን አሳምናለሁ? ሰውየውም ፊት ከሌለ አልፈልግም ብሏል።»

አባቴ ወደ ግቢ ወጣ። በመስኮት አየሁት፤ ቧንቧውን ከፍቶ ጭንቅላቱን ከሥሩ አደረገ። ሞቆት ይሆናል አልኩ። ደግሞስ ማን ስለ እሱ ያስባል? እኔ ትልቅ ነገር አይቻለሁ። አቡዬ ድነው ተነሥተው ሄደዋል! ባዶ አልጋ ማለት ሌላ ምን ማለት ነው? ጎረቤታችን ጋሽ እሸቴም ሆስፒታል ልንጠይቃቸው ስንሄድ አልጋቸው ባዶ ነበር፤ ድነው ቤታቸው ገብተው ነው። እየሮጥኩ ጓዳ ገባሁ።

«እማዬ! አቡዬ ወጡ!»

«የት ወጡ?»

«ተነሥተው ሄዱ! ፊታቸው የለም። ወዳንቺ ነው የሚመጡት!»

እጇ ጉርዱ ላይ ቆመ። «ምንም የለም? ደህና አድርገሽ አይተሻል?»

«ጣውላ ብቻ ነው። ጆሯቸውን ግን ትተዋታል፤ ስንጠራቸው እንዲሰሙ ነው።»

«ጋሼ ጸጋአብ ምን አለ?»

«ተስሞ አልቋል አለ። ሰውየው ፊት ከሌለ አይፈልግም አለ።»

«አባትሽስ?»

«ውጭ ራሱን እየታጠበ ነው።»

ፊቷ ላይ ምን እንዳለፈ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ፤ ግን አላየሁም፤ አቡዬ ይገባሉ ብዬ በሩን ነበር የማየው። ከዚያ ጉርዷን አጥፋ አጥፋ ትራስ ሥር አስገባችው። «ጎበዝ» አለችኝ። «ስለነገርሽኝ ደስ ብሎኛል።»

«መጡ እንዴ?»

«መጥተዋል» አለች፤ የአልጋዋን ጠርዝ በመዳፏ መታ መታ አደረገች። «ይኸው እዚህ ናቸው።»

እንዳልጫናቸው ተጠንቅቄ፣ ቦታ ትቼላቸው፣ እግሯ ሥር ተቀመጥኩ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አባቴ ፀጉሩ እየተንጠባጠበ ገባ፤ ፈገግ ብሏል። «አለቀ» አላት። «ብሉ በሙሉ ጠፍቷል።»

«ፊታቸውስ?» አለች እናቴ።

«ጸድተው፣ አምሮባቸው፣ ብታያቸው ሌላ ሰው ነው የሚመስሉሽ።»

ውሸቱ ገረመኝ። አባዬ እኮ ቆሞ ሲያይ ነበር! «እንዴ አባዬ፣ ፊታቸው…» ብዬ ስጀምር የእናቴ እጅ መጥቶ አፌ ላይ አረፈ። ቀዝቃዛ ነበር። «እሰይ፣ ደግ ነው» አለችው እያየችው። «እንዲህ ለፍቶልን ሻይ እንኳ ሳይጠጣ እንዳይሄድ። ሂድ፣ አስተናግደው።» አባቴ እፎይ ብሎ ወጣ። እሱ ሲወጣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «አቡዬ እኔ ዘንድ መሆናቸውን ለአባትሽ እንዳትነግሪው። ይፈልጋቸዋል» አለችኝ። እኔም ምስጢሯን ጠበቅኩላት።

ከዚያ በኋላ ቀይዋ መጋረጃ አልተገለጠችም፤ ማኅበርተኞቹንም አባቴ መድኃኒቱ አልደረቀም እያለ ከመጋረጃው ውጭ ያሳልማቸዋል። አባቴ በየወሩ አምስት በመጣ ቁጥር እናቴ ሳሎን ውሰዱኝና ልሳም እንዳትል ይጨነቅ ነበር። አንድ ቀንም አላለችም። «ከዚሁ ሆኜ እሳለማለሁ፣ ጣውላውን አታንገላቱት» ትላለች። ልብስም አላስወጣችም፤ ስለ ህንድም አልጠየቀችኝም። ስትሞት የፋሲካ ጾም አልተፈታም ነበር። ሴቶቹ ሲጮሁ እኔ አልጮኽኩም። አቡዬ አብረዋት የሄዱ መስሎኝ ነበር።

ስንት ዓመት አልፎ፣ ራሴ ልጅ ወልጄ፣ አንድ ቀን ሰሃን እያጠብኩ ሳለሁ ነው የገባኝ። ከፈረንጁ እስከ ቬኒሱ ሠዓሊ ያለውን ታሪክ አባቴ በየጊዜው ነግሮኝ ነበር፤ የጓዳውን ታሪክ ግን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሁለቱ ያን ቀን በአንድ ጊዜ ገጠሙ። ሰሃኑን ይዤ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ ሞቷን የሰማችው ከእኔ አፍ፣ በእልልታ ነው። ሰምታም ጎበዝ አለችኝ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ሁሉ አንድ ሰው እንኳ አይዞሽ ሳይላት፣ አባቴን እንዳያዝን፣ እኔን እንዳልፈራ እየጠበቀች ብቻዋን ቆጠረቻቸው። ለእሷ ያለቀስኩት ያን ቀን ነው፤ እስከ ዛሬም በደንብ አልወጣልኝም።

ባለፈው እሁድ አባቴን ሃያ ሁለት አንድ ካፌ ይዤው ወጣሁ። ጡረታ ከወጣ ቆየ፤ ጆሮው ከብዷል፤ ማኪያቶውን ያለ ስኳር ነው የሚጠጣው። መንገድ ላይ ሰማያዊ የለበሰች ሴት አልፋ ይሁን ወይ እንዲያው፣ ድንገት ስለ እናቴ አነሣ።

«አንድ የሚያጽናናኝ ነገር አለ» አለኝ። «ያቺ የሥዕል ነገር… እሷ ምንም ሳትሰማ ነው የሄደችው። ተስፋውንም አላየችው፣ ሲቆረጥም አላየችው። ሌላ ያደረግሁላት ነገር የለም፤ ይኼን ግን ችዬላታለሁ። ለብቻዬ ቻልኩላት።»

ከፊቴ ካለው ውኃ ተጎነጨሁ። ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በሕይወቱ ለእሷ አደረግሁ ብሎ የያዘው ይህን ብቻ ነው።

«አዎ አባዬ፣ አልሰማችም» አልኩት። «ደግ አደረግህ።»

አባቴ ራሱን ነቀነቀ፤ እጄንም ጠረጴዛው ላይ ያዘ። «አንቺ ልጅ ነበርሽ፣ አታስታውሺውም» አለና ከመጀመሪያው ጀምሮ ይነግረኝ ጀመር።